በየተራ የገባንበት ሸለቆ

ጋርላንድ ውስጥ ከፍታ ማለት የሀይዌይ ድልድይ ነው። ከዚያ በላይ የሚወጣ ሰው ካለ ወይ ጣሪያ ሠሪ ነው፣ ወይ የኬብል ሠራተኛ። ይህን የምለው ቴክሳስን ለማማት አይደለም፤ እንጀራዬ ያለው እዚሁ ነው። እኔና ባለቤቴ መዲና ሰሞኑን ሄደን የተመለስንበት ቦታ ከእኛ ሰፈር ምን ያህል እንደሚለይ ከወዲሁ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው። አብዛኞቻችሁ እዚያ እንደማትሄዱ አውቃለሁ። ዕረፍት ሲገኝ ገንዘብ የለም፣ ገንዘብ ሲገኝ ዕረፍት የለም፣ ሁለቱም ሲገኙ አገር ቤት ሰርግ ይደገሳል። ስለዚህ ተቀመጡና እኔ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድን። እኔ ግራንድ ፕሬሪ አንድ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። መዲና ኤርፖርቱ አጠገብ የአውሮፕላን ምግብ የሚታሸግበት ቤት ቀን ቀን ትሠራለች። ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ የሚይዝልን ሰው ስላልነበረ ፈረቃችንን ለያየን። ልጆቹ አደጉ፤ ፈረቃው ግን እንደተለያየ ቀረ። ያለን መኪና አንድ ነው። ጎህ ሲቀድ እኔ እገባለሁ፣ እሷ ደረጃው ላይ ቁልፉን ተቀብላኝ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ እሷ ስትገባ እኔ ቁልፉን ተቀብያት እወጣለሁ። የመኪናውን ወንበር እሷ ወደፊት ትስበዋለች፣ እኔ ወደኋላ እገፋዋለሁ። ጨዋታችን «ትንሹ ሲያስለው ነበር»፣ «ዘይቱን አስቀይር»፣ «ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው» የሚል ነው። የሁለታችን የዕረፍት ቀን እንኳ አይገጥምም።

አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን ስዘረጋላት አልተቀበለችኝም። በስልኳ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ዙሪያውን በእሳት የተቃጠለ የሚመስል ተራራ፣ መሃሉ ላይ ግን ውሃ የሚወርድበት አረንጓዴ ሸለቆ፣ ሸለቆው ጫፍ ላይ ፏፏቴ። ስፔኖች የሚገዟት፣ አፍሪካ ጎን ያለች ቴነሪፌ የምትባል ደሴት ናት። መዲና ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን ስትጎረጉር ነው ያገኘቻት።

«ከድር፣ እዚህ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። «አብረን ገብተን አብረን እንወጣለን። እዚያም የምናወራው ካጣን ባልና ሚስት መሆናችን ቀርቷል ማለት ነው። ሶ፣ እሱንም ቢሆን አውቄው ልኑር።»

ይህን ብላ ቁልፉን ወስዳ ሄደች። እኔ ያን ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ የማታደርገውን አትናገርም።

ሥራ ተከፋፈልን። አውሮፕላኑና ማረፊያው የእሷ፣ የሸለቆው መግቢያ የእኔ ሆነ። ሸለቆው በቀን የሚያስገባው ሰው የተወሰነ ስለሆነ ቀድሞ ቡክ ማድረግ የግድ ነው። እኔም አንድ ሌሊት በዕረፍት ሰዓቴ፣ ፎርክሊፍቱ ላይ እንደተቀመጥኩ በስልኬ ጨረስኩት። በራሴ በጣም ኮርቼ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ልጆቹን ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ፣ የመዲና እህት ዘሀራ ጋ አደረስን። ዘሀራ ስፔኖች የአሳማ ሥጋ የማይከቱበት ምግብ የላቸውም የሚል ወሬ ሰምታ ኖሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ሻንጣችን ውስጥ ጠቀጠቀችልን። መጠኑን ላየው ሰው የምንሄደው ለሽርሽር ሳይሆን ለስደት ይመስላል። እንቢ ማለት አይቻልም፤ ዘሀራ ከተቀየመች ልጆቹን ማን ይይዝልናል?

አውሮፕላኑ ላይ እራት ሲመጣ መዲና ትሪዋን እንደ ሐኪም መረመረችው። ስንት ዓመት ስታሽገው ኖራ ሲከፈት አይታው አታውቅም። ፎይሉን ገልጣ አየች፣ ዳቦውን አነሳች፣ ቅቤውን አገላበጠች፤ ከዚያ ይህ የማታ ፈረቃ ሥራ መሆን አለበት፣ እኛ ሰላጣውን እንዲህ አንጨናንቀውም አለችኝ። አጠገባችን የነበረው ሰውዬ ኬኩን ሳይነካ ሲመልስ ፊቷ ተለዋወጠ። እጇን ባልይዛት ኖሮ ምን እንደጎደለው ልትጠይቀው ነበር። ከዚያ ተኛች። እኔ የሌሊት ሠራተኛ ነኝና ፈጠጥኩ። ያን አትላንቲክ ውቅያኖስ ነቅተን የተሻገርነው እኔና አብራሪው ብቻ ነን ብል ማጋነን አይሆንም። ማድሪድ አውሮፕላን ቀይረን እንደተቀመጥን ደግሞ እሷ ነቃች፣ እኔ ተኛሁ። በመስኮት ያየችውን ሁሉ ብቻዋን አየችው።

አርብ እኩለ ቀን ደሴቷ ላይ ወረድን። የተከራየነውን መኪና ስንቀበል ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወደ ሹፌሩ በር ሄድን። ሁለታችንም እጀታውን ያዝን። መዲና መኪና ውስጥ ከጎኔ ከተቀመጠች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ላስታውስ ሞክሬ አቃተኝ። እንደ ምንም ተግባብተን እኔ ነዳሁ፤ እሷ ደግሞ በሌለ ፍሬን ላይ እግሯን እየረገጠች ሄደች።

አገሩ ደረቅ ነው። ከባቲ ወደ አፋር ስትወርዱ የምታዩትን ዓይነት ድንጋይ አስቡ፤ ከዚያ ባሕር ጨምሩበት። ግራ ቀኙ ቁልቋል፣ ከቁልቋሉ ቀጥሎ በለስ። ዳላስን የሚያህል ከተማ ትቼ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ ቁልቋል ላይ ደረስኩ። መዲና ግን ደስ አላት፤ ቢያንስ ስሙን የማውቀው ዛፍ አገኘሁ አለች። ጋርላንድ ውስጥ አፓርታማችን በር ላይ ያለውን ዛፍ እስከዛሬ ማንነቱን አናውቅም።

ማረፊያችን ከሸለቆው በታች ባለች መንደር፣ ዶኛ ኢነስ የሚባሉ ባልቴት ቤት ነበር። መንገዱ አቀበት ነው፣ ጠባብ ነው፣ በላዩ ላይ ጠማማ ነው። እኔ የለመድኩት ሰማይና ምድር እስኪገናኝ ቀጥ ያለ የቴክሳስ መንገድ ነው። መኪናውን ፓርክ ለማድረግ ስታገል ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ። ዶኛ ኢነስ መጥረጊያቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ እያወዛወዙ አስገቡኝ። ስጨርስ አንዱ አጨበጨበ።

እራት አቀረቡልን፤ ሾርባ ነው። መሃሉ ላይ ሮዝ ቁራጭ ነገር ይንሳፈፋል። እንግዲህ የእኔ ስፓኒሽ ከመጋዘን የተለቀመ ነው፤ «ሳጥን»፣ «ተጠንቀቅ»፣ «ቶሎ በል» እና «ሚስት» እችላለሁ። ሾርባ ላይ የሚውል ግን የለኝም። ስለዚህ አፍንጫዬን በጣቴ ወደላይ ገፍቼ እንደ አሳማ ካጉረመረምኩ በኋላ ቁራጩን በፈገግታ አመለከትኩ። ፈገግታው ነው ያበላሸው። ዶኛ ኢነስ በደስታ ሄደው አንድ ሳህን ሙሉ የአሳማ ሥጋ ይዘውልኝ መጡ። መዲና ናት ያዳነችኝ። ሻሿን አሳየች፣ ሳህኑን አሳየች፣ ሁለት እጇን አመሳቀለች። ሴትዮዋ ደረታቸውን መትተው፣ ሾርባውን ሳህኑን ሁሉ ጠራርገው ወሰዱ። ቆዳቸው የተጨማደደ ትንንሽ ቅቅል ድንች ከቀይ ማባያ ጋር ይዘው ተመለሱ። ማባያው ከእኛ ዳጣ በምንም አይለይም። እስክንጠግብ ድረስ አጠገባችን ቆመው፣ ሳህናችን በጎደለ ቁጥር እየሞሉ፣ ስንጨርስ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ አስገዳጅ ከወሎ ውጭ ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ዶኛ ኢነስ በአንድ ሳህን ቡናማ ዱቄት አምጥተው፣ ውሃና ማር ጠብ አድርገው በእጃቸው ማሸት ጀመሩ። እኔና መዲና ተያየን። በሶ ነው። በእነሱ ቋንቋ ሌላ ስም አለው እንጂ ተቆልቶ የተፈጨ እህል ነው፣ የሚጨበጠውም እንደ እኛው ነው። መዲና ሮጣ የዘሀራን በሶ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሴትዮዋ አሸተቱት፣ ቀመሱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ መዲናን በሁለት እጃቸው ጉንጯን ይዘው ሳሟት። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቃል ሳይግባቡ ረፋዱን ሙሉ ወጥ ቤት ውስጥ ሲሳሳቁ ቆዩ። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ቀናሁ። ከእኔ ጋር ቋንቋ እያላት እንደዚያ አትስቅም።

ከሰዓት ባሕር ዳር ወረድን። አሸዋው ጥቁር ነው፤ ከሰል የተፈጨበት ይመስላል። ልንጫወት ጎን ለጎን ተቀመጥን። መዲና አንድ ነገር መናገር ጀመረች፤ የምግቡ ቤት ውስጥ ስላለች አንዲት ሴት ነው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ የማውቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በእኔ ሰውነት ቀን ማለት ሌሊት ነው፤ ደሴትም ብትሆን አታታልለውም። ስነቃ ፊቴ ላይ የእሷ ነጠላ ተደርቧል፣ እሷ ግን የለችም። ባሕሩን ይዛ ብቻዋን ስትሄድ ከሩቅ አየኋት።

እራት ላይ ስለ ልጆቹ አወራን፣ ስለ መኪናው ነዳጅ አወራን። ከዚያ አለቀ። ድንቻችንን ላጥን። እውነት ለመናገር ፈራሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አብረን ውለን ያወራነው ደረጃው ላይ ከምናወራው አይበልጥም። ሸለቆው ነገ ነው አልኳት። አዎ፣ ነገ ነው አለችኝ።

እሑድ ጠዋት በር ላይ ተገኘን። የሸለቆውን ስም ሲተረጉሙልን የገሃነም ሸለቆ ማለት ነው አሉን። መዲና ቢስሚላሂ አለችና ገባች። ከገደሉ ድንጋይ ስለሚወርድ ለሁሉም ሰው ሄልሜት ያድላሉ። ከሥሩ የሚደረግ ቀጭን የጨርቅ ቆብም አለው፤ መዲና ከሻሿ በላይ ቆቡን፣ ከቆቡ በላይ ሄልሜቱን ደረበች። ሥራ ቦታ ፀጉር መሸፈኛ ስለለመደች ተስማማት። እኔ ግን ተራዬ ሲደርስ ዘበኛው፣ ሽበታም ሪዛም ሰውዬ፣ እጁን አወዛወዘብኝ።

በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንዳስረዳኝ የእሷ ቲኬት አሁን ነው፣ የእኔ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ስህተት መሆን አለበት ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ስህተት አልነበረም። እኔው ነኝ። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ መንጃ ፈቃድ ማሳደስ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ስብሰባ፣ ክትባት፤ ሁሉንም ነገር ስንት ዓመት ለሁለታችን በሁለት የተለያየ ሰዓት ሳስይዝ ኖሬያለሁ፤ አንዳችን ልጆቹ ጋ እንድንሆን። ያን ሌሊት ፎርክሊፍቱ ላይ ጣቴ የለመደውን ሠራ። ልጆቹ ዳላስ መሆናቸውን ጣቴ አላወቀም።

ለመንኩ። ሰዓቱ ሁሉ ሞልቷል አለኝ። የእሷ ወደ እኔ ይዛወር አልኩ፤ ሞልቷል። የገባ ሰው ደግሞ በተሰጠው ሰዓት መውጣት አለበት፤ ነገ እንዳንሞክር ነገ በረራ ነው። ስፓኒሽ ብሞክር ይራራልኝ ይሆን ብዬ «ሚስት፣ ሚስት፣ ተጠንቀቅ» አልኩት። ሰውዬው ወደኋላ ሸሸት አለ።

«እዚህም ፈረቃ ቡክ አደረግክልን?» አለችኝ መዲና።

«ማለቴ… እጄ ለምዶ ነው።»

ብትቆጣ ደስ ባለኝ። አልተቆጣችም። እጇን ዘረጋችልኝ፤ እኔም ሳላስብ የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኋት። የፈለገችው እኔ የያዝኩትን የታሸገ ውሃ ነበር። ሁለታችንም ቁልፉን አየነው። መለሰችልኝ፣ ውሃውን ወሰደች፣ ወደ ሸለቆው ገባች። ከኋላዋ ሳያት ነጭ ሄልሜቷ ከቱሪስቶቹ ሄልሜት ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። ጉዳችን በአደባባይ ወጣ። ባልና ሚስት አብረው ሊሆኑ ስንት ባሕር ተሻግረው ባልየው በገዛ እጁ ለያቸው።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው አዘነልኝ መሰለኝ ከቦርሳው ብርቱካን አውጥቶ ከፍሎ ሰጠኝ። ከየት እንደመጣን፣ እንዴት እንደምንኖር በእጅም በአፍም ነገርኩት። እሱ ደግሞ ከሚስቱ ጋር አንድ ሆቴል ውስጥ ዕድሜ ልኩን ጎን ለጎን እንደሠራ፣ ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ሰዓት የሚያስይዝለት ሰው ቢያገኝ ኖሮ እጁን ይስመው እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ተኛሁ። ምን ላድርግ፣ ጋርላንድ ብሆን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን የማወልቅበት ሰዓት ነው። ዘበኛው ሰዓቴ ሲደርስ ሄልሜቱን ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ በጣቱ ኳ ኳ ባያደርገው ኖሮ እዚያው በቀረሁ ነበር።

ገባሁ። መጀመሪያ ላይ መንገዱ አቧራ ነው፤ ገደሉን ተደግፎ ይሄዳል፣ በታች ደረቅ ድንጋይ፣ በላይ ቁልቋል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ የበረርነው ብዬ ላማርር ስል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ገደሉ ሥር በተበጀች ጠባብ ቦይ ውሃ ይወርዳል። ትንሽ ስሄድ ንፋሱ ቀዘቀዘ። ትንሽ ስሄድ ደግሞ አኻያ ዛፍ፣ ሐረግ፣ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት፣ መሃሉን እየዘለለ የሚወርድ ወንዝ። ግራና ቀኙ ገደል ተጠጋግቶ ሰማዩን የመንገድ ያህል አደረገው። ከላይ አገር ምድሩ እንደ ምጣድ ደርቆ፣ ከሥሩ ይህ ሁሉ ተደብቋል። የአገር ቤቱን ወንዝ፣ ቦርከናን አስታወሰኝ፤ ልጅ ሆነን ውሃው ንጹህ ሳለ ማለቴ ነው።

ግን የማየው ሸለቆውን አልነበረም። ከላይ የሚመለሱትን ሰዎች ነው። ጠዋት ከመዲና ጋር የገቡት ሰዎች እየወረዱ ነው፤ በር ላይ ያየኋቸው ጀርመኖች ወረዱ፣ ዱላ የያዙ ባልና ሚስት ወረዱ። መዲና የለችም። ስንገናኝ ምን እንደምላት ሳዘጋጅ ነበር፤ አሁን እሱ ሁሉ ጠፋኝ። ድንጋይ ወርዶ ይሆን? ወንዙ ውስጥ አዳልጧት ይሆን? ያገኘሁትን ሁሉ «ሚስት፣ ሚስት» እያልኩ በእጄ ሻሽ እየሠራሁ ጠየቅሁ። ትከሻቸውን ነቀነቁ። መሮጥ ጀመርኩ። መሮጥ ክልክል መሆኑ ተጽፏል፤ እኔ የዕድሜ ባለጸጋ አይደለሁም ግን ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው እግሩን ይረሳዋል። ሄልሜቱ ዓይኔ ላይ ወረደ፣ አንድ ጊዜ ወደቅሁ፣ ተነስቼ ሮጥኩ።

አንድ ትልቅ ቋጥኝ ዞሬ ስወጣ አየኋት። ወንዙ ዳር፣ አኻያው ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ምንም አልሆንኩም።»

«ፏፏቴውስ?»

«አልሄድኩም። ከገባሁ ጀምሮ እዚህ ነኝ።»

ለምን እንዳልኳት ወደ ቋጥኙ እያየች ነበር የመለሰችልኝ። «ቤት አንተ ስትመጣ እኔ እወጣለሁ። ስትመጣ አይቼህ አላውቅም፣ ሰው ሲመጣ ከሩቅ እንደሚታየው ማለቴ ነው። ዛሬ እንኳ ልየው ብዬ ተቀመጥኩ። ሄልሜትህ ተጣሞ፣ ጉልበትህ ቆስሎ ስትሮጥ መጣህ። ይሄ ሰውዬ ማንን ፈልጎ ነው እንዲህ የሚሮጠው አልኩ።»

«አንቺን ነዋ።»

«አየሁ» አለች።

እንባዬ መጣ። በላብ አሳብቤ ጠረግኩት። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴን በወንዙ ውሃ አጠበችልኝ። ውሃው በረዶ ነው፤ ስጮህ ሳቀች። የመዲናን ሳቅ በቅርብ ከሰማሁት ቆይቻለሁ።

ብዙ አልቆየንም። ሬዲዮ የያዘች ጠባቂ መጥታ ቲኬታችንን አየች። የእሷ ሰዓት አልቋል፣ ትውረድ አለች። እኔ ግን መቀጠል እችላለሁ፤ ፏፏቴው ሩቅ አይደለም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ማየት ፈልጌ ነበር። ድምፁ ይሰማኛል፣ ከላይ የሚመጣው እርጥበት ፊቴ ላይ ያርፋል፣ መዲናም ሂድና አይተህ ና፣ በር ላይ እጠብቅሃለሁ አለችኝ። ሽቅብ አንድ ጊዜ አየሁ። ከዚያ አብሬያት ወረድኩ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አወራን። ሲጋራ ካቆምኩ ዓመት እንዳለፈኝ ነገርኳት፤ ቆማ አየችኝ። መኪናው መሽተት ያቆመው አየር ማጣፈጫ ቀይረህ መስሎኝ ነበር አለችኝ። እሷ ደግሞ ከማሸጊያው መስመር ወጥታ ተቆጣጣሪ ከሆነች ቆይታለች፤ ባሕር ዳር ልትነግረኝ የነበረው እሱን ኖሯል። እንዴት አልነገርሽኝም ብል፣ ደረጃው ላይ ልነግርህ ነበር፣ አንተ ግን ስለ ጎማው አወራህ አለች። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። በር ላይ ዘበኛው ሁለታችንን አንድ ላይ ሲያይ ሰዓቱን አየ፣ ቲኬቴን አየ፣ ግራ ገባው። ፏፏቴውን ሳያይ የተመለሰ ሰው ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ።

ሰኞ ዶኛ ኢነስ አንድ ከረጢት ዱቄታቸውን ለመዲና፣ መዲናም የዘሀራን በሶ በሙሉ ለእሳቸው ሰጡ። መኪናውን ከመንገዱ ሳወጣ ጎረቤቶቹ እንደገና በረንዳ ላይ ወጡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስወጣ አቅጣጫ የሰጠችኝ መዲና ነበረች፣ እየጮኸች። አውሮፕላኑ ላይ እንዳልተኛ ወዮልህ አለችኝ። አልተኛሁም።

ከተመለስን ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ ፏፏቴው ይጠይቀናል። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ እዚያ እዩት። እኔ አለቃዬን ለምኜ ቀን ፈረቃ ገባሁ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዘሀራ ትቀበላቸዋለች። አሁን ጠዋት ጠዋት በአንድ መኪና አብረን እንወጣለን፣ እሷን ኤርፖርቱ ጋ አድርሼ ወደ ግራንድ ፕሬሪ አልፋለሁ። ሰላም እንዳይመስላችሁ። ስለ መስኮቱ እንጨቃጨቃለን፣ ስለ ኤሲው እንጨቃጨቃለን፣ ስለ አነዳዴ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤቷ ድረስ ትተቸኛለች። ባለፈው ሳምንት የሀይዌዩ ትራፊክ አላንቀሳቅስ ብሎን ቆመን፣ መስመር ለምን አልቀየርክም ብላ ስትነዘንዘኝ ቆየችና፣ «ያን ቀን ዝም ብዬ ወደ ፏፏቴው መሄድ ነበረብኝ» አለችኝ። መሪውን ይዤ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፤ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ እስክትወርድ ድረስ አላቋረጠችም። ማታ ልወስዳት ስመለስ፣ በሩን ከፍታ ገባችና ካቆመችበት ቀጠለች።